ወደ ውስጥ የታጠፈው ጨርቅ

ውጤቱ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ሐኪሙ ግን ከላቦራቶሪው እስከ ሴቶች ክፍል ሦስት ጊዜ ቆሞ አነበበው። እዚያ የተኛችው ልብስ ሰፊ አንጀቷ ባለፈው ሳምንት ተዘግቶ ነበር፤ በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ የወጣው ቁራጭ ቲቢ ነበረበት።

ነርሶቹ ከኋላው «አጣዳፊው» ይሉታል፤ ሲሠራ እጁ አያርፍም። ከስምንት ወር በፊት አንጀቷን በካሜራ አይቶ ከቁስሉ ስድስት ቅንጣት ሥጋ ቆነጠረ። ስድስቱንም እንደ ልማዱ ፎርማሊን ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ጨመራቸው። ምነው አንዷን፣ አንዷን ብቻ፣ በጨው ውሃ ለይቶ በላካት ኖሮ! ፎርማሊን ሥጋውን ከመበስበስ ያቆያል፤ ጀርሙን ግን ይገድለዋል፣ የሞተ ጀርም ደግሞ ላቦራቶሪ ውስጥ አይበቅልም። ሴትዮዋ አታስልም ነበር፤ የደረት ራጅዋም ንጹሕ ነበር። ስለዚህ ቲቢን ሳይጠረጥር «ሰውነቷ ራሱን እየተዋጋ ነው» ብሎ በሽታ የመከላከል አቅሟን የሚያዳክም መድኃኒት አዘዘላት። ለሌባ በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነበር። በየወሩ ከስታ ስትመጣ መጠኑን ይጨምርላት ነበር።

ወደ ክፍሉ ሲገባ ታላቅ ወንድሟ ከአልጋዋ አጠገብ ካለው ወንበር ተነሣ።

«እጅዎን ይባርከው ዶክተር። እርስዎ ባይኖሩ ቀብረናት ነበር።»

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። በሽታው ተገኘ፣ መድኃኒት አለው ብሎ መውጣት ይችላል፤ ማንም አይጠይቀውም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት እንዲህ ቀላል መሆኑ አስፈራው።

«የአንጀት ቲቢ ነው» አላት። «መድኃኒት አለው፣ ይድናሉ። ግን ከስምንት ወር በፊት ላገኘው ይገባኝ ነበር። ናሙናውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የሰጠሁዎትም መድኃኒት ጎዳዎት።»

ወንድሟ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እሷ ግን ስሕተቱ ባሰብኝ እያለች የተመላለሰችባቸውን ወራት ሁሉ የሚያካትት እንደሆነ ጠየቀችው። ሁሉንም፣ አላት።

ከዚያ ከራስጌዋ ቀሚሷን አንሥታ ገለበጠችው። በከሳች ቁጥር ጎንና ጎኑን ወደ ውስጥ እያጠፈች ሰፍታዋለች፤ ስምንት የስፌት መስመር።

«ሰው ሁሉ ትርፉን ቁረጪው አለኝ» አለች። «እርስዎ ይድናሉ ስላሉኝ ጨርቁን አልቆረጥኩትም።»

በጣቷ የመጨረሻውን መስመር ሳብ አደረገችው፤ ክሩ እምቢ አለ። መቀስ እንዳለው ጠየቀችው። ከጋዋኑ ኪስ የፋሻ መቁረጫ መቀሱን አውጥቶ ሰጣት። ክሩን ግን አልነካችውም፤ መቀሱን ትራሷ ሥር አስገባችው።

«ስወፍር ስፌቱን ፈትቼበት እመልስልዎታለሁ» አለችው።

አጣዳፊው የሚሄድበት ጠፍቶት እዚያው ቆመ።