የግንቡ ጩኸት

በቡድኑ ውስጥ «ግንቡ» የሚባለው የመሀል ተከላካይ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ከእሱ ጋር ሲጋጩ የሚወድቀው ሁልጊዜ ሌላው ነው። በር ሲገባ ጎንበስ ይላል፣ ፊቱ ደግሞ ኪራይ የዘገየበት አከራይ ይመስላል። እንዲህ ያለው ሰው ቁርጭምጭሚቱን ያጣመመው ከአስፈሪ አጥቂ ጋር ተጋጭቶ ቢሆን ምንኛ ባማረበት። ነገር ግን ያጣመመው ልምምድ ካለቀ በኋላ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ከመልበሻ ክፍሉ ደረጃ ሲወርድ፣ እርጥብ ፎጣ ረግጦ ነው። ለጠየቀው ሁሉ «በልምምድ ላይ ነው» እያለ መለሰ። ትንሽ ዘግይቶ ነው እንጂ ውሸትም አልነበረም።

ሐኪሙ ራጅ አነሳውና አጥንቱ ደህና ነው፣ ጅማቱ ግን ተለጥጧል አለው። እረፍት አደረገ፣ በረዶ ያዘበት፣ እግሩን ትራስ ላይ ሰቀለ። እብጠቱ ግን ወይ ፍንክች። እብጠቱ ካልወረደ ቁርጭምጭሚቱ አይታጠፍም፤ ካልታጠፈ ደግሞ ማጠናከሪያ እንቅስቃሴው አይጀመርም። በመጨረሻ ሐኪሙ ወደ ክለቡ አዲስ ወጌሻ ላከው፤ ቀለል ያለ የሊምፍ እሽታ ይረዳዋል ብሎ። የግንቡ መከራ የጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ አዲሷ ወጌሻ የሚስቱ እናት ነበሩ።

ግንቡ አማቱን ይፈራል። በፊታቸው እግሩን ዘርግቶ መቀመጥ ቀርቶ፣ ወንበር ላይ ጀርባውን አስደግፎ አውርቷቸው አያውቅም። እሳቸውም በበኩላቸው እሱን እንደ እንግዳ ነው የሚይዙት፤ ለልጃቸው ግልምጫ፣ ለእሱ ፈገግታ። አንድ ቤት እየኖሩ እንኳ እንደምን አደሩ፣ እንደምን ዋሉ ከመባባል አያልፉም ነበር።

ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን በሆስፒታል ነው የጨረሱት። ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ ክንዳቸው የሚያብጥባቸውን ሴቶች በለስላሳ እጅ እያሹ፣ መንገድ ያጣውን ፈሳሽ ወደ መንገዱ ሲመልሱ ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ ወደ ልጃቸው ቤት መጡ፤ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ፣ በቃ፣ እዚያው ዝም አሉ። ልጃቸው ማታ ማታ «እናቴ እያየኋት እያለቀችብኝ ነው» እያለች ታለቅስ ነበር። ታዲያ ክለቡ ወጌሻ እንደሚፈልግ ሲሰሙ ለማንም ሳይናገሩ ሄዱና በሙከራ ተቀጠሩ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ያንጎራጉራሉ፣ የልጅ ልጃቸውን ያሯሩጣሉ፣ ምግቡ ጨው አነሰው ብለው ይጣላሉ። ሚስቱ ለግንቡ፣ ይህ ሥራ ከእጃቸው ከወጣ እናቴን መልሼ አላገኛትም ብላዋለች።

ከእሳቸው በፊት የነበረው ወጌሻ «መዶሻ» ይባል ነበር። መዶሻ የጨበጠው ሰው የእናቱን ስም ሳይጠራ አይነሳም። ተጫዋቹም በዚህ ይኮራ ነበር፤ ማን እንዴት እንደጮኸ ገላ ሲታጠቡ ይወራል፣ ይጋነናል። በእነሱ ዘንድ ያላስጮኸ እሽታ እንዳልታሹት ነው። የእሽታ ክፍሏ ከመልበሻው የምትለየው በቺፑድ ስለሆነ፣ ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ለሚጠብቁት ይሰማል።

ግንቡ ገብቶ አልጋዋ ላይ ተጋደመ። ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተከለና ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ። አማቱ እጃቸውን ታጠቡ፣ እያፋተጉ አሞቁት፣ ከዚያ አንገቱ ሥር፣ ከአጥንቱ በላይ ያለችው ጎድጓዳ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«እማማ፣ የታመመው እግሬ ነው» አለ ግንቡ ጉሮሮውን ጠርጎ።

«አውቃለሁ ልጄ። ስታዲየም ሞልቶ በሩ ሳይከፈት፣ ከኋላ ያለውን ሕዝብ ብትገፋው መተፋፈግ እንጂ ምን ይገኛል? መጀመሪያ በሩ ይከፈት። በሩ እዚህ ነው።»

እያሹ ቀስ ብለው አስረዱት። ከቆዳ ሥር ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ አለ፤ ደምን ልብ እንደሚገፋው እሱን የሚገፋው ልብ የለውም። የሚሄደው ሰውነት ሲንቀሳቀስ፣ ሆድ በእስትንፋስ ሲነፋና ሲጎድል፣ ቆዳም ሳብ ለቀቅ ሲደረግ ነው። በኃይል ከተጫኑት ቀጫጭን መንገዶቹ ይደፈጠጣሉ፤ ስለዚህ እጅ መክበድ የለበትም። እስትንፋስህን እስከ ሆድህ አስገባ አሉት። በአማቱ ፊት ሆዱን ሊነፋ? እሺ አለና እንደሳበው ቀረ።

ከአንገቱ ወደ ሆዱ፣ ከዚያ ወደ ጉልበቱ ጀርባ፣ በመጨረሻ ወዳበጠው እግሩ ደረሱ። ከታች ወደ ላይ፣ ቀስ እያለ፣ እንቅልፍ የያዘውን ሕፃን ላለመቀስቀስ ብርድ ልብስ እንደሚያለብሱት። ግንቡ ደስ አለው። የዓይኑ ሽፋን ከበደው፣ አፉም ከፈት አለ። በዚህ መሀል ከቺፑዱ ማዶ ያለው ጸጥታ ተሰማው። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ጆሯቸውን ጥለው እየጠበቁ ነው፤ ከግንቡ አፍ ግን ምንም አልወጣም። ነገ የሚባለው ታየው፦ ግንቡን አማቱ እየዳበሱ አስተኙት።

«ኧረ በእናቴ!» ብሎ ጮኸ።

አማቱ እጃቸውን ብድግ አደረጉ። «አመመህ?»

«አይ እማማ፣ ይቀጥሉ» አለ በሹክሹክታ።

አማቱ ፊቱን አዩት፣ ቺፑዱን አዩት፣ ከዚያ ማሸታቸውን ቀጠሉ። እሱም በየመሀሉ እየጮኸ ተራውን ጨረሰ። ሲወጣ ከቧንቧው ውሃ ዘግኖ ግንባሩን አረጠበ፣ ግድግዳ ተደግፎም አቃሰተ። በረኛው የእጁ አንጓ አብጦበት ተራ ይጠብቅ ነበርና ሴትዮዋ እንዴት ናቸው ብሎ ጠየቀው። ግንቡ ራሱን ነቀነቀ።

«መዶሻ ሕፃን ነበር» አለ።

በረኛው ምራቁን ውጦ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ክፍሏ በጩኸት ተናጋች። ከእሱ ቀጥሎ የገባው አጥቂም ጮኸ፤ አንበሉ ደግሞ እንደ ፍሬን ሲጢጥ አለ። ግንቡ ነገሩ ግራ አጋባው። አሰበ፣ አወጣ አወረደ፣ በመጨረሻ ገባኝ አለ፦ አማቱ ለእሱ የሚያለሰልሱት አማች ስለሆነ ነው እንጂ ሌላውን ግን ያላምጡታል። ይህ አድልዎ ከታወቀ ደግሞ ጉዱ ፈላ። ስለዚህ በተከታዩ ቀጠሮ ጩኸቱን ጨመረ። እሱ በጨመረ ቁጥር ከእሱ በኋላ የሚገቡት ይብሱበት ጀመር።

እብጠቱ ግን እየወረደ ነበር። የተደበቀችው የቁርጭምጭሚት አጥንት ብቅ አለች፣ እግሩም መታጠፍ ጀመረ። ሐኪሙ ተደስቶ በአንድ እግር መቆም፣ በጣት መነሳት፣ ቀስ ብሎ መሮጥ እያለ እንቅስቃሴውን ደረጃ በደረጃ ጨመረለት። የበረኛው አንጓም ጓንት ገባለት። ሁሉም እየዳነ፣ ሁሉም እየጮኸ ሰነበተ።

አንድ ቀን የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ቡድኑን ሊረዳ የመጣ ነጋዴ ይዞ ሕንፃውን እያስጎበኘ በኮሪደሩ ሲያልፍ፣ አጥቂው «ገደሉኝ!» ብሎ አቀለጠው። እንግዳው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ሌላ ቀጠሮ እንዳለበት ድንገት ትዝ አለው። ሥራ አስኪያጁ ደሙ ፈላ። ተጫዋቾቹን በሙሉ መልበሻ ክፍል ሰበሰበና፣ ሙከራው እዚህ ላይ ያበቃል፣ እኔ ወጌሻ እንጂ ገራፊ አልቀጠርኩም አለ።

አማቱ የቺፑዱ በር ላይ ቆመው ፎጣ ያጥፉ ነበር። አጥፈው የጨረሱትን ፎጣ መልሰው ዘረጉ፣ እንደገና አጠፉት። ግንቡ አያቸው። የመስኮቱ ወንበር ታየው፣ የሚስቱ ፊትም ታየው። ያደረገው እሱ ነው፤ ማንም አይደለም፤ የሴትዮዋን ሥራ ያጠፋው በገዛ ጉሮሮው ነው። ተነስቶ ቢናገር ደግሞ ግንብነቱ ፈረሰ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሱ ግን እስከ ምሳ ሰዓት መዋሉም ያጠራጥር ነበር።

ተነሳ።

«አለቃ፣ እኔን አላመመኝም» አለ። «አንድም ቀን አላመመኝም። የእሳቸው እጅ ዝንብ አይጎዳም። የጮህኩት እነዚህ እንዳይስቁብኝ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን የሐዘኔታ ነበር። አማትህን ለማዳን መዋሸትህ ያስመሰግንሃል፣ ይሁንና እነዚህ ሁሉስ? እነሱም የእሳቸው አማቾች ናቸው? ብሎ ጠየቀው። ግንቡ የሌሎቹ ጩኸት የእውነት ነው ብሎ ያምናል። ቆሞ ቀረ፤ ጆሮው ጋለ፤ እንዲህ ያለ ውርደት በሜዳ ላይ ደርሶበት አያውቅም።

ከጥግ በኩል በረኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔንም አላመመኝም» አለ መሬት መሬት እያየ። «እሱ ሲጮህ ሰማሁ። ገብቼ ስታሽ ደግሞ ምንም የለም፣ እንዲያውም ደስ ይላል። እኔ ብቻ የማይሰማኝ፣ ሰውነቴ የሞተ መሰለኝ። አፈርኩና ጮህኩ።»

አጥቂው ቀና አለ። እሱ ደግሞ በረኛውን ሰምቶ ነበር። አንበሉም እውነቱን አወጣው፦ በመጀመሪያው ቀን እንቅልፍ ወስዶት ኖሯል፤ ሲነቃ አለመጮሁ ትዝ ብሎት ለዘገየበት ጭምር አከታትሎ ለቀቀው። ክፍሉ ውስጥ አንድ የምር ያመመው ሰው ጠፋ። እርስ በርስ ተያዩና፣ በመጨረሻ ሳቁ ከየት እንደጀመረ ሳይታወቅ አግዳሚው ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

ሥራ አስኪያጁ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነክሶ ወደ ሴትዮዋ ዞረ። እርስዎስ፣ ሁሉም እንደሚያስመስሉ እያወቁ እንዴት ዝም አሉ? አላቸው።

«እስከ ሆዳችሁ ተንፍሱ ብላቸው አፈሩብኝ» አሉ አማቱ ፎጣውን ደረታቸው ላይ ይዘው። «ሊጮሁ ሲሉ ግን አየሩን እስከ እምብርታቸው ይስቡታል። ለእብጠቱ ይህን የመሰለ የለም። ጌታዬ፣ ሥራዬን የሚያግዘኝን ነገር ለምን አስቆማለሁ?»

ሥራ አስኪያጁ ከዚህ በላይ ሊቆጣ አልቻለም። ሴትዮዋ በቋሚነት ይቀጠሩ፣ ነገር ግን እንግዳ ባለበት ቀን አፋችሁን ያዙ ብሎ ሹልክ አለ። ኮሪደሩ ላይ ብቻውን ሲስቅ ሰሙት።

በማግስቱ ግንቡ ለመጨረሻ ጊዜ ታሸ። ሆዱን ለቀቀው፣ እንደታዘዘው ተነፈሰ፣ ዝምም አለ። አማቱ ሲጨርሱ ግን ዝምታው አላስቻለውም። ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ በእኔ ጩኸት ሥራዎን ላሳጣዎት ነበር አላቸው። አማቱ እግሩን በፎጣ ሸፈኑለት። ከዚያ ጎንበስ አሉና፣ ከብብቱ ዝቅ ብሎ ያለችውን ለስላሳ የክንዱን ሥጋ በሁለት ጣት ያዙ። ጠመዘዙት። እነዚያ ጣቶች እንዲህ ዓይነት ጉልበት አላቸው ብሎ ማን ይገምታል?

«ኧረ በእናቴ! ኧረ ድረሱልኝ!»

ከቺፑዱ ማዶ የበረኛው ድምፅ መጣ። «በርታ ግንቡ፣ እስከ ሆድህ ተንፍስ!» አግዳሚው በሳቅ ወደቀ። በሩን የከፈተ ግን አልነበረም።

ማታ ቤት ገብቶ እጅጌውን ሰብስቦ ለሚስቱ አሳያት፤ ቦታው ጠቁሯል። ሚስቱ ምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ልጅ ሳለች ስንት ጊዜ ቀምሳዋለች። ከማዶ ክፍል እናቷ ያንጎራጉራሉ። የጠቆረውን በጣቷ ነካ አደረገችና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እሰይ» አለችው፣ «እንኳን ቆነጠጠችህ። እንግድነትህ አበቃ።»