ለአራት ያልተካፈለው

ስህተቱ የመምህሩ ነበር፤ የወደቀችው ግን እሷ ናት።

ጥያቄው ግልጽ ነው። አሥራ ሁለት ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ሃምሳ ሚሊግራም መድኃኒት ታዟል፤ የቀኑ መጠን ለአራት ተከፍሎ በየስድስት ሰዓቱ ይወጋል። በአንድ ጊዜ ስንት ይሰጠው? የነርሲንግ ተማሪዋ አባዛች፣ ስድስት መቶ መጣ፤ ለአራት አካፈለች፣ መቶ ሃምሳ። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘባትና ከጎኑ 600 ብሎ ጻፈ። በዚያች ጥያቄ ማለፊያውን ለጥቂት ሳተችው። ካላለፈች ሆስፒታል ለልምምድ አትወጣም፤ ዓመቱን ትደግማለች።

"አንቺ ጠበቃ!" አለቻት የዶርም ጓደኛዋ እየሳቀች፤ ሙግት ስለምትወድ ክፍሉ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራት። "መልሱ ስድስት መቶ እንደሆነ አምና ይህንኑ ጥያቄ የተፈተኑት ሲኒየሮች ነግረውን የለ እንዴ? እኛ መች አሰላነው፣ ሸምድደን ገባን።"

"ሕፃኑንም ሸምድደሽ ልትወጊው ነው?"

"ውይ እናቴ፣ የወረቀት ሕፃን እኮ ነው!"

ደሟ እንደፈላ መምህሩ ቢሮ ገባች። መምህሩ ጥያቄውን አነበበ። "ለአራት ተከፍሎ" የሚለው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ፤ ፊቱ ልውጥ አለ።

"ልክ ነሽ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ማርክሽን አስተካክልልሻለሁ። ግን እዚሁ ይቅር፤ እሺ?"

"ስድስት መቶ ያሉትስ ቲቸር?"

"እነሱማ አልፈዋል። የክፍሉን ወረቀት ሁሉ እንደገና ልረም እንዴ? ዲኑስ ምን ይለኛል?"

"ሰኞ ሕፃናት ክፍል ሊገቡ ነው እኮ! አራት እጥፍ ሲወጉ ማን ያርማቸዋል? እርስዎ አምና ያሳለፏቸውስ አሁን የት ነው ያሉት?"

"እዚያ ሐኪም አለ፣ አለቃ አለ። ነገር አታካብጂ። ማርኩን ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?"

መፈለጉንማ ትፈልጋለች። እናቷ ምረቃዋን ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። መምህሩ እስክሪብቶውን አንስቶ ዓይን ዓይኗን ያያል፤ በሕፃን ሕይወት ሳይሆን በገበያ ዕቃ የሚደራደሩ ይመስል።

ወረቀቷን ከእጁ ስር መዥረጥ አደረገችው።

"ዲኑ ቢሮ እንገናኝ። እዚያ የሁላችንንም ያርሙልናል።"

"አንቺ ልጅ፣ ተመለሽ! እኔ ሳልፈርም የምታልፊ መስሎሻል?"

"አይፈርሙ!" አለችና ወጣች፤ በሩንም ጓ አድርጋ ዘጋችው።