የኖኖይ ጠመንጃና አዲሱ ቲቪ

እስቲ ወዳጆቼ አረፍ በሉና ስሙኝ። ተናድጄ ነው የምነግራችሁ። ሰው ከበረደለት በኋላ ሲያወራ ደስ ይላል፤ እኔ ግን ገና አልበረደልኝም። ቃሌ ቢሻክር ይቅር በሉኝ፣ እግዜርም ይቅር ይበለኝ።

ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ግሌንዳ ዶሃ ነው የምትሠራው። መካከለኛው ሬናንቴ እዚሁ አገራችን ኢሎኢሎ፣ ከቤቴ ጀርባ ከሚስቱ ከማሪቪክ ጋር ይኖራል። ቢሮ ነው የሚውለው፤ ሸሚዙ ሳይተኮስ ከቤት አይወጣም። የመጨረሻው ኖኖይ ነው። ኖኖይ ሠላሳዎቹን አልፏል፣ ጢሙን ግን እኔ ነኝ የምላጭለት። ሐኪሞች ለእሱ ዓይነቱ ስም አላቸው፤ እኔ ኖኖይ ነው የምለው፣ ይበቃል።

ኖኖይ ማንበብ አልሆነለትም። የጫማ ክር ማሰርም አልሆነለትም። አንድ ነገር ግን ይችላል፤ መተኮስ። አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መርከበኛ በነበረ ጊዜ ያመጣለት የድሮ ጌም አለ። ግራጫ ሳጥን ነው፣ ባለ ሽቦ የፕላስቲክ ጠመንጃ አለው። ቲቪው ላይ ወፎች ከሣር ውስጥ ብድግ ይላሉ፣ እሱ ቷ! ያደርጋል፣ ወፏ ዱብ። የሰፈሩ ጎረምሶች ሞክረውታል፣ የባለሦስት እግር ባጃጅ ነጂዎቹ ሞክረውታል፣ ቄሳችን አባ ራሳቸው አንዴ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሞክረውታል። ኖኖይን የረታው የለም። ምሳውን ይበላና ቁጭ ይላል። «እማ፣ ሥራ ገባሁ» ነው የሚለኝ። ሰው ሁሉ ሥራ አለው፣ የእሱም ይኸው ነው።

የሰፈራችን ቅዱስ የሳን ሮኬ ንግሥ ሲቃረብ ሬናንቴ እንደ ልማዱ ቤቴን ይገለባብጠው ጀመር። እኛ ጋ ለንግሥ የሚታወቀውም የማይታወቀውም ሰው ገብቶ በልቶ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ መጋረጃ ይቀየራል፣ አጥር ይቀባል፣ ጉድ የሚባለው ሁሉ ይደበቃል።

«እማዬ፣ አለቃዬ ሊመጣ ነው። ያ ቲቪ ያሳፍራል» አለኝ።

ቲቪያችን የድሮ ነው፣ ጀርባው እንደ እርጉዝ ሆድ የወጣ፣ ለሁለት ሰው የሚከብድ።

«ማንን ነው የሚያሳፍረው?» አልኩት። «አለቃህ እኛ ቤት ለመብላት ነው የሚመጣው ወይስ ቲቪ ለማየት?»

ሳቀና ለእህቱ ደወለላት። እሷም ከዚያ ሆና አዲስ ጠፍጣፋ ቲቪ አስላከች። እኔ መቁጠሪያ ልደግም ጸሎት ቤት ሄጄ ስመለስ ግድግዳዬ ላይ በር የሚያህል ጥቁር መስታወት ተሰቅሏል። የድሮው የለም።

«የታለ?»

«አስወገድኩት።»

«ማንን ጠይቀህ?»

«እማዬ ደግሞ! ቆሻሻ ለመጣል ማንን ልጠይቅ?»

ኖኖይ ምሳውን በልቶ ግራጫ ሳጥኑን ታቅፎ መጣ። የሳጥኑ ሽቦ ጫፉ ቢጫና ነጭ ነው፤ የድሮው ቲቪ ጀርባ ላይ ቢጫውን ቢጫው ውስጥ፣ ነጩን ነጩ ውስጥ ራሱ ኖኖይ ነበር የሚሰካው። አዲሱን ከጀርባው ቢዳብስ፣ ቢዳብስ፣ ቢጫ የለ፣ ነጭ የለ። ጠባብ ጠፍጣፋ ቀዳዳ ብቻ። ሬናንቴ ከተማ ወጣና መቀየሪያ የምትባል ክብሪት የምታክል ሳጥን ይዞ መጣ። ከዚህ ቢጫና ነጭ ይገባል፣ ከዚያ ጠፍጣፋው ይወጣል። ሰካካው፣ ምስሉ መጣ። መስታወቱ ሰፊ ስለሆነ ወፎቹ ወደ ጎን ተለጥጠው ለበዓል የተቀለቡ ዶሮዎች መስለዋል። ኖኖይ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ሞኝ ነኝ።

ቷ! ምንም። ቷ! ቷ! ወፎቹ ክንፋቸውን እያራገቡ ሄዱ።

«በደንብ አነጣጥር» አለው ሬናንቴ።

ቷ!

«ጠጋ በል እስቲ። አይ፣ ራቅ በል። እጅህ ነው'ኮ የሚንቀጠቀጠው! አረጀህ እንዴ ወንድሜ? እጅህ ደከመ?»

እንዲህ አለው። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ኖኖይ ጠመንጃውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ፣ ቀኝ እጁን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው፣ ወደ እኔ ዞረ።

«እማ፣ እጄ ሞተ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ማታ በግራ እጁ በላ። ጠዋት በግራው ፊቱን ታጠበ። ቀኙን ሸሚዙ ውስጥ ሸጉጦ፣ እንደሞተች ጫጩት ደረቱ ላይ ታቅፏት ይዞራል። ጸሎት ቤት በግራው ሲያማትብ ሰው ዞሮ አየን። «በቀኝህ ልጄ» ስለው «የሞተ እጅ እግዜርን አይነካም» አለኝ። ይሄን ሰምቼ እንዴት እንደተኛሁ አላውቅም።

የኮኮናት ዘይት አሞቅኩና አሸሁት። አልሆነም። ወጌሻ ጋ ወሰድኩት። ልብ በሉልኝ፣ ወጌሻዋ ጋ በመኪናው ያደረሰን ሬናንቴ ነው። እሷ የልጄን ጣት አንድ በአንድ ስትስብ፣ ኖኖይ ሲያለቅስ፣ ሬናንቴ በር ላይ ቆሞ ስልኩን ይነካካ ነበር። እኔም እጁን ይዤ ለድንግል ማርያም ስለት ስሳል ሰምቷል። ይሄን ያዙልኝ።

የንግሡ ዕለት እኔና ማሪቪክ ወጥ ቤት ነን። እኔ የፓንሲቱን ቀጫጭን ፓስታ እያማሰልኩ፣ እሷ ሥጋ እየከተፈች። ግቢው በእንግዳ ሞልቷል፣ ካራኦኬው ከጠዋት ጀምሮ ያንባርቃል። ኖኖይ ላግዝ ብሎ ሳህን በግራ እጁ ተሸክሞ ሊወጣ ሲል ከነምግቡ ወደቀበት።

«እኔ አይደለሁም፣ እጄ ስለሞተ ነው» አለና ጥግ ሄዶ ተቀመጠ።

ማሪቪክ ስቅስቅ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

«ምን ሆንሽ አንቺ? ሳህን ነው'ኮ፣ ይተካል።»

«ሳህኑ አይደለም እማማ። እጁ ... እጁ ምንም አልሆነም።»

«ምን አልሽ?»

«ጠመንጃው ነው። አዲስ ቲቪ ላይ አይሠራም። ጠመንጃው አፍንጫው ላይ የምታይ ነገር አለችው አሉ፣ የድሮውን ቲቪ ብርሃን ብቻ ነው የምታውቀው። የፈለገ ተኳሽ ቢሆን አዲሱ ላይ አንዲት ወፍ አይጥልም። ሬናንቴ ስልኩ ላይ አንብቦታል።»

«መቼ?»

ቢላዋውን አስቀምጣ በር በሩን አየች።

«መቼ ነው ያነበበው? ተናገሪ!»

«ወጌሻዋ ጋ ... ከመሄዳችሁ በፊት። ልንገራቸው ስለው፣ ‘የድሮውን አምጣ ትለኛለች፣ አለቃዬ እስኪመጣ ዝም በይ’ አለኝ።»

ማማሰያው ከእጄ ወደቀ። የድሮው ቲቪ የታለ ብዬ አንገቷን ልይዛት ምንም አልቀረኝም።

«የትም አልሄደም እማማ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ግቢ ውስጥ ነው። እየዘፈነ ነው።»

ክሪስፒን የሚባል ጎረቤት አለን፣ ለድግስ ካራኦኬ የሚያከራይ። ካራኦኬው ከላይ ቲቪ የተገጠመበት ቁም ሳጥን የሚያክል የእንጨት ሳጥን ነው። የእሱ ቲቪ ተቃጥሎበት ነበር። ሬናንቴ የእኔን ሰጠው፤ እሱም በምላሹ ለንግሡ ካራኦኬውን አዋሰው። ተመልከቱ እንግዲህ! ከጠዋት ጀምሮ ሰው በኔ ቲቪ እየዘፈነ፣ ልጄ በአጠገቡ እጁን ታቅፎ እያለፈ፣ እኔ ለዘፋኞቹ እየቀቀልኩ!

ግራጫውን ሳጥንና ጠመንጃውን ብብቴ ሥር አድርጌ ወጣሁ። ክሪስፒን ራሱ ነበር ማይኩን የያዘው፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ሰብሮ የፍቅር ዘፈን ያለቅሳል። እኛ ጋ የሰው ዘፈን አይቋረጥም። በዚህ ጉዳይ ጩቤ የተማዘዙ ሰዎች አሉ፤ ሰካራም እንኳን የሌላው ዘፈን እስኪያልቅ ይጠብቃል። እኔ በሳጥኑ ጀርባ ዞሬ መዝጊያውን ከፈትኩና ቢጫውንም ነጩንም ነቀልኩት።

መስታወቱ ጠቆረ። የክሪስፒን ድምፅ ያለ ሙዚቃ ብቻውን ቀርቶ እንደ ፍየል ጮኸ።

«ማነው እሱ?!» ብሎ ተወርውሮ ዞረና እኔን ሲያይ ቆመ። «እንዴ እትዬ ፔሪንግ! ያውም ከፍ የሚለው ቦታ ላይ?»

«ዝም በል ክሪስፒን፣ አንተ ጋ ገና አልደረስኩም።»

የኛን ቢጫና ነጭ ሰካሁ። ሣሩ መጣ፣ ወፎቹ መጡ፣ እንደ ድሯቸው ቀጫጭኖች። ሬናንቴ ከአለቃው ጠረጴዛ ተነስቶ እየሮጠ መጣ።

«እማዬ፣ በማርያም ይዤሻለሁ፣ እንግዳ አለ።»

«ማርያምን ተዋት! ወጌሻዋ ጋ ስሟን ስጠራ ስትሰማኝ አልነበረም? ለወንድምህ ንገረው።»

«ማታ እነግረዋለሁ።»

«አሁን! እጅህ ደከመ ስትለው ድምፅህ ከፍ ያለ ነበር። እንካ ማይኩን።»

አለቃው ሹካውን አስቀምጦ ያያል። ሬናንቴ ላብ በላብ ሆነ። ያ ማይክ ደግሞ ድምፅ ይደጋግማል፤ «ኖኖይ» ሲል «ኖይ ... ኖይ ... ኖይ» ብሎ ሰፈሩን ሁሉ ጠራ። አንድ ጎረምሳ ሊስቅ ሲል እናቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«ኖኖይ ... ጠመንጃው አዲሱን ቲቪ አያየውም። እጅህ ደህና ነው። እኔ ... አውቅ ነበር።»

ኖኖይ ከወጥ ቤት በር ላይ ቆሞ ነበር።

«እጄ አልሞተም?»

«አልሞተም።»

«አንተ ነህ ያልከው፣ ደከመ ያልከው።»

«እኔ ነኝ።»

«ውሸትህን ነው?»

ሬናንቴ ማይኩን አወረደ። «አዎ፣ ውሸቴን ነው» አለ፣ ያለ ማይክ፣ ግን ሁላችንም ሰማን።

ኖኖይ ቀኝ እጁን ከሸሚዙ አወጣ። ጣቶቹን ከፈተ፣ ዘጋ። መጥቶ ጠመንጃውን ከእጄ ወሰደ። ቷ! ወፏ ዱብ አለች። ቷ! ሌላዋም። ክሪስፒን ዘፈኑን ረስቶ «ኧረ አንተ ሰውዬ!» ብሎ ጭብጨባውን አስነሳው፣ ግቢው ቀወጠው። ልጄ አልሳቀም። ሲተኩስ ስቆ አያውቅም፣ ሥራ ላይ ነው። እኔ ግን ሳጥኑን ተደግፌ አለቀስኩ።

ክሪስፒን በማግስቱ ከወንድሙ ጋር ተሸክሞ ቲቪዬን ቦታው መለሰው። «ባውቅ ኖሮ እትዬ፣ በእጄም አልነካውም ነበር» አለኝ፤ አምኜዋለሁ። ኖኖይም በቀኙ ይበላል፣ በቀኙ ያማትባል።

ታዲያ ምን ያናድድሻል ትሉኛላችሁ። የሚያናድደኝን ልንገራችሁ፤ ያኔ ሰው ሲያጨበጭብ ሬናንቴም አብሮ አጨበጨበ። ትከሻዬን አቅፎ «ይኸው ተስተካከለ አይደል እማዬ?» አለኝ። ተስተካከለ! የቲቪ ሽቦ መሰለው እንዴ፣ ነቅለህ ስትሰካው የሚስተካከል? ወንድሙ ያንን ሁሉ ጊዜ የሞተ አካል ተሸክሞ ሲዞር አይቶ፣ ለአንድ ምሳ ለአንድ አለቃ ብሎ ዝም ያለ ሰው፣ የኔ ሆድ ያፈራው ነው። ከማን ተማረው? ይሄን ስጠይቅ ነው የሚነጋልኝ።

ማታ ማታ እንደ አገራችን ደንብ ይመጣል፤ ጎንበስ ብሎ የእናቱን እጅ ግንባሩ ላይ ሊያስነካ። እኔ እጄን ከነጠላዬ ሥር አላወጣም። ትንሽ ቆሞ ይጠብቅና ይሄዳል። አባ «ልጅሽን ይቅር ሳትዪ ወደ ቁርባኑ አትምጪ» ብለውኛል፣ እውነታቸውን ነው። አፌ ይቅር ብዬሃለሁ ማለት አያቅተውም። ግን ውሸት ይሆናል፣ ውሸት ደግሞ ቤቴ ውስጥ በቅቶኛል።

እባካችሁ፣ ዛሬ ስትጸልዩ ስሜን ጥሩልኝ። ፔሪንግ ነኝ።