የግራው ቫልቭ

እኔ አብራር፣ ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ የምሸጥ ሰው፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጋቢ ብዳስስ የማን እጅ እንደሸመነው እናገራለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ደህና፣ ለጉራም ነው። ዋናው ግን ጣቴ እንደማይሳሳት ሁሉ ጆሮዬም አይሳሳትም ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ማመኔ እንዲታወቅልኝ ነው። ከኢታና ጋር ያጣላኝም ይኸው ጆሮዬ ነው።

ኢታና ከሠላሳ ዓመት በላይ ጓደኛዬ ነው፤ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተምረናል። አሁን አዲሱ ገበያ ይኖራል፣ የመድኃኒት መጋዘን ንብረት ክፍል ኃላፊ ነው። ሥራው ቤቱ ድረስ ተከትሎት ይገባል። እጁ የገባ ዕቃ ሁሉ ላይ ነጭ ፕላስተር ይለጥፍና ምንነቱንና ቀኑን ይጽፍበታል። ሳይቆጥር ደግሞ አይጽፍም። የስኳር ጣሳው እንኳ የተከፈተበት ቀን አለው። ባለቤቱ ሩቲ «አንድ ቀን ግንባሬ ላይ ይለጥፍብኛል» ትላለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለታችን አዋጥተን አንድ የሄድፎን አምፕሊፋየር ገዛን። ድምፁን የሚያጎላው እንደ ድሮ ሬዲዮ በቫልቭ ነው፤ አውራ ጣት የምታክል መስታወት፣ ስትሞቅ ውስጧ የሚቀላ። ሁለት ቫልቮች አሉት፤ አንዱ ለግራ ጆሮ፣ አንዱ ለቀኝ። ዕቃው ወር እሱ ጋ፣ ወር እኔ ጋ ይከርማል። እሑድ ከሰዓት እንገናኝና በየተራ እንሰማለን፤ እኔ መንዙማዬን፣ እሱ መዝሙሩን፣ ሁለታችንም የክራር ሙዚቃ። አንዳችን ሄድፎኑን አድርገን ዓይናችንን ስንጨፍን ሌላችን ፊቱን እያየን እንጠብቃለን። ከሳምንቱ ቀን ሁሉ የምወደው ያንን ነበር።

ታዲያ ቫልቭ ሲቀየር ድምፅ ያምራል የሚል ነገር ኢንተርኔት ላይ አነበብን። ያነበብን ዕለት ሰላማችን አበቃ። ኢታና ከአንድ ሽማግሌ ሬዲዮ ጠጋኝ ጥንድ የሩሲያ ቫልቭ አገኘ። እኔም ዱባይ ላለው ወንድሜ ነግሬ ጥንድ የአሜሪካ አስመጣሁ። የእሱ ገብቶ ስሰማው ክራሩን ጢስ በሞላበት ቤት ውስጥ የሚመቱት መሰለኝ፤ መሰለኝ ብቻ ሳይሆን ነገርኩት። እሱ ደግሞ የእኔን ሰማና «እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል» አለ። እኔ አንድ ስል እሱ ሁለት ሲል ቆየንና በመጨረሻ፦

«ሂድና መጀመሪያ ጆሮህን ታጠብ!» አለኝ።

በቀን አምስቴ ለሶላት ውዱእ አድርጌ የምታጠበውን ሰውዬ! ጆሮዬ ከእሱ የስኳር ጣሳ በላይ ንጹሕ ነው። ቫልቮቼን ነቅዬ ወጣሁ።

ለኢድ አልመጣም። እኔም ለፋሲካ ቤቱ አልሄድኩም። ታክሲው በሰፈሩ ሲያልፍ እንጦጦን አይቼ እንደማላውቅ ሰው አንገቴን ወደ ተራራው አዞር ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ «ሁለት ሽማግሎች በጠርሙስ ተጣሉ» እየተባልን ሽሮ ሜዳ ሙሉ ሲሳቅብን የሰማሁት ከሁሉ ሰው በኋላ ነው። ሳቁ አላናደደኝም። ያናደደኝ እሑድ ከሰዓት ምን እንደማደርግ ማጣቴ ነው። ናፈቀኝ፤ ይህን ግን ለማን ይነግሩታል?

በሰኔ መጀመሪያ ሽማግሌዎች ገቡብን። ከእኔ በኩል ሐጂ ሸፊ፣ ከእሱ በኩል የቤተ ክርስቲያናቸው የጸሎት መሪ ወይዘሮ ገበያነሽ፣ መሀል ደግሞ ጡረተኛው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አቶ አለማየሁ፤ እጃቸው ከሽቦ ጋር ያረጀ፣ ዓይናቸውን ግን ሞራ የጋረዳቸው። እሑድ ኢታና ቤት ተቀመጥን። አራቱ ቫልቮች ትሪ ላይ ቀረቡ።

ለመፍረድ መስማት ያስፈልጋል፤ ምን ይሰማ? ሐጂ ዘፈን አይሰሙም። የእኔን መንዙማ ወይዘሮ ገበያነሽ፣ የእነሱን መዝሙር ሐጂ እንዴት ተብሎ ይጋበዛሉ? ብዙ ከተመከረ በኋላ በስልክ የተቀዳ የአየር ጠባይ ዜና ተመረጠ። ሦስቱም በየተራ ሄድፎኑን አድርገው መጀመሪያ በሩሲያው፣ ቀጥሎ በአሜሪካው አዳመጡ።

«እንዴት ነው?» አልኩ መታገሥ አቅቶኝ።

«ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» አሉ አቶ አለማየሁ።

«ልዩነቱን ማለቴ ነው እኮ!»

«በሁለቱም ይዘንባል» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ።

ከዚያ እንደ ወጉ ባለጉዳዮች ውጡ ተባልን። እኔና ኢታና በረንዳ ላይ ጀርባ ለጀርባ ቆመን ሩብ ሰዓት ያህል ጎረቤት የተሰጣ ልብስ ቆጠርን። ስንጠራ ፍርዱ አልቆ፣ ቫልቮቹም በአቶ አለማየሁ እጅ ተተክለው ጠበቁን።

«ሁለታችሁም ተዉ» አሉ ሐጂ። «በግራ የኢታና፣ በቀኝ የአብራር ገብቷል። የቀሩት፣ አንድ የአንተ አንድ የእሱ፣ እኔ ዘንድ አማና ሆነው በአደራ ይቀመጣሉ። ከእንግዲህ ቫልቭ የነቀለ የእኛን ቃል የነቀለ ነው።»

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሁለት ዓይነት ቫልቭ ተቀላቅሎ አይሠራም» አልኩ።

«ሁለት ዓይነት ሰው ተቀላቅሎ ይኖር የለም እንዴ? ተነሣና ሳመው።»

ተሳሳምን። ትከሻው ላይ ትንሽ ቆየሁ፤ ዓይኔ ረጥቦ ስለነበር ማንም እንዲያየኝ አልፈለግሁም።

አምፕሊፋየሩ በዚያ ወር እሱ ጋ ቆየና ወደ እኔ መጣ። ግራው ቫልቭ ላይ ፕላስተር ዞሮበት «ኢታና፣ ግራ» የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። ከሥሩ በደቃቁ ቀን ነበረው፤ የእሱን ቀኖች ማን ያነባል? ስቄበት ተውኩት። እሑዳችን ተመለሰ። እርቅ እርቅ ነው፤ ጆሮ ግን ጆሮ ነው። በሰማሁ ቁጥር ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«ቀኙ እኮ ምንጭ ውሃ ነው» እለዋለሁ። «ይኼ ግራው ብቻ፣ አትቀየመኝና፣ ጢሱ አልለቀቀውም። ሩሲያ ምን ታደርገዋለህ!»

«ይሆናል» ይላል ኢታና።

«ይሰማሃል አይደል?»

«ይሆናል።»

አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሐጂ ሸፊ የሐጅ ጉዟቸው ደረሰ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው የሰው አማና ይዞ አይሄድም። እሑድ ረፋድ ላይ ሱቄ መጥተው በመሐረብ የተቋጠረውን በእጄ ሰጡኝና «ለኢታና የእሱን አድርስልኝ» ብለው ተሰናበቱኝ።

ቋጠሮውን ፈታሁ። ሁለቱም ቫልቮች ላይ የሩሲያ ፊደል!

አገላብጬ አየሁ። ጥርጥር የለውም፣ ሁለቱም የኢታና ናቸው። እንግዲያው አምፕሊፋየሩ ላይ ያሉት ሁለቱም የእኔ አሜሪካኖች ናቸው። አቶ አለማየሁ ሞራ በጋረደው ዓይናቸው ጥንዱን እንዳለ ተክለውታል። ይህ ሰው ለአንድ ዓመት ያህል ቆርቆሮ ያለውን የእኔን ቫልቭ በሁለቱም ጆሮው ሲሰማ ኖሯል!

ወላሂ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሱቄን በቀትር ዘጋሁ። ታክሲ ውስጥ የምለውን ስለማመድ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቦታ ቀየረች። «እንደ ቆርቆሮ» ያለውን በሦስቱ ሽማግሎች ፊት ነው የማስደግመው፤ «ጆሮህን ታጠብ» ያለኝን በዚያው ቃል ነው የምመልስለት።

ሩቲ በሩን ከፈተችልኝ። «ኢታና ዳቦ ሊገዛ ወጣ፣ አሁን ይመጣል። ግባ» ብላ ወደ ጓዳ ሄደች። አምፕሊፋየሩ አሁን የጠፋ ነው፣ ገና ትኩስ ነው። ማስረጃዬን ይዤ ልቆየው ብዬ ግራውን ቫልቭ ነቀልኩት፤ ያ የማይሳሳተው ጣቴ ተቃጠለ። በነጠላዬ ጫፍ ይዤ ፕላስተሩን ገለጥ አደረግሁ። ከሥሩ፣ እንዳልኩት፣ የአሜሪካው ስም።

ፕላስተሩ እንኳ የተለጠፈው በትክክል ስሙ ላይ ነው፤ አንዲት ፊደል አታሾልክም። ያን ጊዜ ነው ደቃቁን ቀን ያነበብኩት። ሰኔ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.። የታረቅነው ሰኔ 2 ነው።

በሦስተኛው ቀን ያውቅ ነበር ማለት ነው።

«አንተ ሌባ፣ ሽንፈትህን ደበቅህ!» አልኩ በሆዴ። ሌላ የማስበው አልመጣልኝም። ወዲያው ግን የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። ግራው ጢሱ አልለቀቀውም። ሩሲያ ምን ታደርገዋለህ። እሑድ አልፎ እሑድ ሲመጣ፣ ክረምቱን በጋውን፣ ዱባይ ድረስ ልኬ ያስመጣሁትን የገዛ ቫልቬን እሱ ፊት ቁጭ ብዬ ስሰድብ ከርሜአለሁ። እሱም የምሰድበው የእኔን መሆኑን እያወቀ «ይሆናል» ሲል ከርሟል። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ሽሮ ሜዳ ለአሥር ዓመት የሚሆን ሳቅ ያገኝ ነበር። እኔ ብሆን ተንፍሼ ነበር። እኔማ ለመተንፈስ ሱቅ ዘግቼ፣ ታክሲ ይዤ መጥቻለሁ። አፈርኩ። ብቻዬን ቆሜ ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ።

ቫልቩን መለስኩ። ፕላስተሩ ግን አንዴ ከተነሣ ወዲያ አንዱ ጥግ አልያዝ አለ። በተቃጠለው ጣቴ ስጫነው ኢታና ዳቦውን ይዞ ገባ።

ፕላስተሩን አየ። እኔን አየ። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እየሰማህ ነበር?»

«አዎ» አልኩ። ሄድፎኑ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው።

«ግራው እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው» አልኩት። «በጣም ጥሩ ነው።»

«ሩሲያ ነዋ» አለ ኢታና።

የመሐረቡ ቋጠሮ ኪሴ ውስጥ ከበደኝ። ሁለቱም የእሱ ናቸው፤ አማና ደግሞ አይደበቅም። አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩት። «ሐጂ ሊሄዱ ነው። የሰጡኝ ይኸው» አልኩና ቋጠሮውን እስኪፈታ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

አልፈታውም። ከመሳቢያው ፕላስተሩን አወጣ፣ በመቀስ ቆረጠ፣ መሐረቡ ላይ ለጠፈ፣ ብዕሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ እንደ ሁልጊዜው ቀስ ብሎ ጻፈ። «አንድ የአብራር፣ አንድ የኢታና። ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.»። ኢታና ሳይቆጥር ሲጽፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።