ይሳቡ፣ ይያዙ፣ ይልቀቁ

ሰውየው ዕድሜውን በርዕሰ መምህርነት ስለፈጀ፣ በዓለም ላይ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ የሚያምነው ከመቶ የሚያዘውን ብቻ ነበር። አባቱ በሳንባ ምች ወድቀው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተዋል፤ አፋቸው ውስጥ ቱቦ፣ ከራስጌያቸው የመተንፈሻ ማሽን አለ። አንድ ቀን ጠዋት ስክሪኑ ላይ «ኦክስጅን 40» የሚል ሲያነብ ደሙ ፈላ።

«አርባ?» አለ ሐኪሟን። «መጀመሪያ መቶ አልነበረም እንዴ? ምን አጥፍተው ነው የቀነሳችሁባቸው?»

ሐኪሟ ዓይኗ ሥር የጠቆረ፣ ትዕግሥቷ ከእንቅልፏ ጋር አብሮ ያለቀ ሴት ናት። «ምንም አላጠፉም። ሳንባቸው እየዳነ ስለሆነ ነው የቀነስነው። እኔና እርስዎ አሁን የምንስበው አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን እኮ ከመቶ ሃያ አንድ ነው።»

ርዕሰ መምህሩ በሃያ አንድ እየኖረ መሆኑን ሲሰማ ፊቱ ልውጥ አለ። በእሱ ትምህርት ቤት ሃያ አንድ ወላጅ የሚያስጠራ ውጤት ነው።

«ቢያንስ ሃምሳን ይስጧቸው» አለ። «ለሞራላቸው።»

በዚያው ቀን ማሽኑ የሚሠራበት መንገድም ተቀየረ። እስከዚያ ድረስ ትንፋሹን የሚተነፍስላቸው ማሽኑ ነበር፤ በደቂቃ ስንት ጊዜ፣ በምን ያህል መጠን፣ ሁሉንም ይወስንላቸዋል። አሁን ግን እያንዳንዱን ትንፋሽ የሚጀምሩት ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው፤ ማሽኑ ጀመሩ አልጀመሩ ብሎ ይጠብቅና ከኋላ ገፋ ያደርግላቸዋል። ሐኪሟ ይህን ስታስረዳ ርዕሰ መምህሩ ራሱን ይነቀንቅ ነበር፤ የገባው ነገር ግን ማሽኑ ሥራ መፍታቱ ብቻ ነው። የፊተኛው አሠራር በጣም ተመችቶት ነበር። እሱም ቤቱን የሚያስተዳድረው በዚያው ነው። አባቱ ጡረታ ከወጡ ወዲህ መቼ እንደሚበሉ፣ የትኛውን ሹራብ እንደሚለብሱ፣ ከየትኛው ጎረቤት ጋር እንደማይቀመጡ የሚወስነው እሱ ነው። በፍቅር ነው የሚያደርገው፣ ይህን ማንም አይክደውም፤ ፍቅሩ ግን እንደ ጠባብ ጫማ ነበር።

«ነገ ፈተና አለባቸው» አለችው ሐኪሟ። «እገዛውን በጣም ቀንሰን በራሳቸው ሲተነፍሱ እናያለን። ከቻሉ ቱቦውን እናወጣላቸዋለን።»

ፈተና የሚለውን ቃል ባታነሣበት ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ከረባቱን አስሮ፣ ታናሽ እህቱን አስከትሎ መጣ። አልጋው ግርጌ ተገተረና እጁን እያነሣ እያወረደ «ይሳቡ አባባ። ይያዙ። ይልቀቁ» ማለት ጀመረ። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ የነዱ፣ ሰው ማስቀየም የማይሆንላቸው ሰው ናቸው፤ በቱቦ በታፈነ አፍ ደግሞ እንዴት አድርገው እንቢ ይበሉ። ሳቡ ሲባሉ ሳቡ፤ ያዙ ሲባሉ ያዙ። ማሽኑ ትንፋሻቸውን ቢጠብቅ ቢጠብቅ ሲቀርበት የማስጠንቀቂያ ደወሉን አስጮኸው። ልቀቁ ሲባሉ የጎደለባቸውን ለመሙላት ቁና ቁና ተነፈሱ፤ ደወሉ እንደገና ጮኸ።

«አየሽ?» አለ ለእህቱ። «ማሽኑ ብልሽት አለበት።»

«ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ ተዋቸው።»

«አንቺ ደግሞ ስለ ፈተና ምን ታውቂያለሽ?»

ፈተናው ተቋረጠ፤ ሽማግሌው ወደ ሙሉ እገዛ ተመለሱ። ሌላ ቀን ተሞከረ። ርዕሰ መምህሩ ጥፋቱ ልምምድ ማነሱ ነው ብሎ አስቦ ነበርና ቀደም ብሎ ደረሰ፣ ድምፁንም ከፍ አደረገ። ያው ሆነ።

ሐኪሟ ኮሪደር ላይ አስቆመችው። «አሁንም ካልቻሉ ጉሮሯቸው ላይ ቀዳዳ አውጥተን ቱቦውን በዚያ ማስገባታችን ነው። ማውራት አይችሉም። መተንፈሻ ጡንቻቸውም እየሰነፈ በሄደ ቁጥር ከማሽኑ መላቀቁ ይርቃል።»

እዚህ ላይ መቀለዱ አይገባም፤ ሰውየው አባቱን ይወድ ነበር፣ ፈርቶም ነበር። ፍርሃቱ ግን ከአፉ ሲወጣ ሌላ መልክ ይዞ ወጣ።

«ማጠናከሪያ ልስጣቸዋ» አለ።

ሐኪሟ ትንሽ አየችውና ወደ ስክሪኑ መራችው። «ይኸውልዎ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ በደቂቃ ሃያ ጊዜ ይተነፍሳሉ። የእርስዎ ድምፅ ከኮሪደሩ ሲሰማ አርባ ይደርሳል። በሩ ሳይከፈት መምጣትዎን የምናውቀው በዚህ ነው። ማሽኑ አልተበላሸም፤ ሳንባቸውም ድኗል። ነገ እርስዎ ከክፍሉ መስታወት ውጭ ይቆማሉ።»

«እኔ? ልጃቸው?»

«አዎ፣ ልጃቸው።»

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ እንደተባለው ከመስታወቱ ውጭ ቆመ። ሊጠይቁ የመጡ ዘመዶች ከኋላው ተደርድረዋል። እጁን ኪሱ ከተተ፤ እጁ ግን ኪሱም ውስጥ ሆኖ ይነሣ ይወርድ ነበር። ሽማግሌው ጣሪያውን እያዩ እንደፈቀዳቸው ተነፈሱ፤ አንዱን ረዘም፣ አንዱን አጠር እያደረጉ። አንዱም ከልጃቸው አቆጣጠር ጋር አልገጠመም። ደወሉ ግን ዝም አለ፣ ዝም እንዳለም የፈተናው ሰዓት ሞላ። ርዕሰ መምህሩ ደስ አለው፤ ያለ እሱ መቻላቸው ደግሞ አንጀቱን አሳረረው። ሁለቱ ስሜቶች አንድ ደረት ውስጥ ተጋፉበት።

ሐኪሟ ቱቦውን አወጣች። ሽማግሌው ሳሉ፣ ምራቃቸውን በጭንቅ ዋጡ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ውጭ ያለው ሁሉ ይሰማል።

«ልጅዎ እዚህ ቆሟል። ይግባ?» አለቻቸው።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ በሩ ወርወር አደረጉ።

«እህቱ የለችም?» አሉ በሻከረ ድምፅ።

«አለች።»

«እሷ ትግባ።»

እህትየው ወንድሟን አየችው፤ ፈቃድ መጠበቅ ልማዷ ነው። እሱ የሚያየው ግድግዳውን ነበር። ቀስ ብላ ገባች፣ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው። ርዕሰ መምህሩ ከረባቱን አስተካክሎ ወደ ዘመዶቹ ዞረ። ማንም ምንም አልጠየቀውም።

«መጀመሪያ እሷ ትግባ ያልኩት እኔ ነኝ» አላቸው።