ኤሊዋ ያላለችው ቃል

አጣቢዋ ፊደል አልቆጠረችም፤ አፏ ግን የተማረ ያስበረግጋል። ሠላሳ ዓመት ወንዝ ዳር ቁጢጥ ብላ የሰው አንሶላና የሰው ሱሪ ስትፈትግ የኖረች ሴት ናት። ከውሃው ጩኸት በላይ ለመሰማት ስትታገል ድምፅዋ ሻክሮ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ መስሎ ቀረ። የካርቱን ፊልም ሠሪዎቹ የወደዱት ታዲያ ያንን ድምፅ ነው።

ለአሮጊቷ ኤሊ የሚሆን ሰው አጥተው ነበር። ተዋናዮቹ እርጅና ሲያስመስሉ ፍየል ፍየል አሉባቸው። «እናቴን ስሟት» ያለቻቸው የገዛ ልጇ ናት። ልጅቱ በዚያው ስቱዲዮ የድምፅ ኤዲተር ናት፤ የሰውን ቃል በኮምፒውተር እንደ ጨርቅ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች፣ ስፌቱም አይታይ።

ፊልሙ የእንስሳት ነው። ወንዝ ይቆሽሻል፣ ዓሦች በጀርባቸው ይንሳፈፋሉ፣ እንስሳቱ ተሰብስበው ይመክራሉ፣ መጨረሻ ላይ ወንዙ ይጠራል። ቤተሰብ ሁሉ አብሮ የሚያየው፣ ልጆችን ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚያስተምር ነው ተባለ። አጣቢዋ ይህን ስትሰማ ከት ብላ ሳቀች።

«የወንዝ ነገርማ እኔን ይጠይቁኝ!»

መቅረጫው ክፍል ግድግዳው ስፖንጅ የለበሰ፣ ጠባብ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ነው። ማንበብ ስለማትችል ልጇ አጠገቧ ተቀምጣ እያንዳንዱን አባባል በጆሮዋ ታቀብላታለች፤ እሷ በራሷ ለዛ ትለዋለች። ጦጣው የኤሊዋን እንቁላል ሰብሮ ሲያለቅስ «ተነሥ በቃ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» ስትለው፣ ከመስታወቱ ማዶ ያለው ዳይሬክተር መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ዝናብ ሲመጣ እንስሳቱን ዛፍ ሥር ስትጠራ ደግሞ «ኑ፣ ሁላችንም እንግባ! አንተ ጃርት፣ እሾህህን ሰብስብ!» አለች። ስለ እሾሁ የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ ከሆዷ ያወጣችው ነው። ሠሪዎቹ ሳቁ፤ ፊልሙ ውስጥ ይግባ ተባለ።

በአራተኛው ቀን ያቺ ቃል መጣች።

ትንሿ እንቁራሪት የሞተውን ወንዝ እያየች «እማማ ኤሊ፣ ወንዛችንን ማን ገደለው?» ብላ ትጠይቃለች። ልጇ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለችና የኤሊዋን መልስ አቀበለቻት።

«ሁላችንም።»

«ምን አልሽ?»

«'ሁላችንም' በይ እማዬ። ቀስ ብለሽ፣ አዝነሽ።»

አጣቢዋ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ምነው እማማ፣ ደከመዎት?» አለ ዳይሬክተሩ በድምፅ ማጉያው።

«ምን ያደክመኛል? ወንዙን ማን ገደለው ነው ያላችሁት? ቆዳ ፋብሪካው ነዋ! እንቁራሪቷ ባታውቅ እኔ አውቃለሁ። ውሃው በአንድ ጀምበር ሰማያዊ ሲሆን እዚያው ነበርኩ። ና እየው!» እጇን መስታወቱ ላይ ለጠፈችው። ጣቶቿ እስከ አንጓቸው ተልጠው የሻሩ ናቸው፤ ሁለቱ ጥፍር የላቸውም።

«ልክ ነዎት፤ ግን እኛ ማንንም አንወቅስም። ልጆች ኃላፊነት እንዲሰማቸው ነው የምንፈልገው።»

«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው፣ የኔ ልጅ። እናንተ ጅራቱን ታጥባላችሁ።»

ልጇ ክንዷን ይዛ ኮሪደር ላይ አወጣቻትና የፊልሙን ወጪ የሚሸፍነው ማን እንደሆነ በሹክሹክታ ነገረቻት። ያው ቆዳ ፋብሪካው ነው። መጨረሻ ላይ ስሙ ከአረንጓዴ ቅጠል ጋር ይወጣል።

«እማዬ፣ አንድ ቃል እኮ ናት።»

«ወንድምሽ ስድስት ዓመቱ ነበር። እኔ ስፈትግ እሱ ይንቦጫረቃል። ውሃው ሰማያዊ በሆነ በሦስተኛው ሳምንት ሆዱ ተነፍቶ ቀበርኩት። እሱም 'ሁላችንም' ውስጥ አለበት? ወንዙን ገድሎ ነው የሞተው?»

ልጇ አንገቷን ደፋች። «እምቢ ካልሽ እኔን ነው የሚያባርሩኝ።»

«ሥራ ቢጠፋ ይፈለጋል። ያቺን ቃል ግን ከእኔ አፍ አታገኟትም።»

ሁለት ቀን ተኮራረፉ። በሦስተኛው ልጅቱ ፊቷ በርቶ መጣች። ዳይሬክተሩ ተሸነፈ፣ እንቁራሪቷ ስትጠይቅ ኤሊዋ ዝም እንድትል ተስማማ አለች።

«ዝምታም መልስ ነው ብሏል።»

«አይ፣ ቢያንስ ውሸት አይደለም» አለች አጣቢዋ። ደስ አላት፤ ግን አላሳየችም።

«አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። የዛፉ ሥር ንግግር ላይ ጩኸት ገብቶበታል። 'ሁላችንም' የምትለዋ ብቻ ነች የተበላሸችው። ብቻዋን በይልኝ። ቀስ ብለሽ፣ አዝነሽ።»

«ከዝናብ የሚሸሽ ሰው ምን ያሳዝነዋል?»

«አሮጊት ናታ። ሌሎቹ ሲሮጡ እሷ አትደርስም።»

ይህ እውነት መሰላት። ደመና ሲጠቁር ጉልበት እምቢ የሚልበትን ሐዘን ታውቀዋለች። ሌላ ሰው ቢጠይቃት ኖሮ ነገሩን ሰባቴ ታገላብጠው ነበር፤ ልጇ ናታ! ማይክሮፎኑን ጠጋ ብላ ቃሏን አለቻት።

ፊልሙ እሑድ ከሰዓት በኋላ ታየ። ሰፈሩ ሁሉ ተጠርቷል። አጣቢዋ ደህናውን ቀሚሷን ለብሳ፣ የልጅ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ መሐል ወንበር ያዘች። ስለ ጃርቱ እሾህ ሲባል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ትንሿ ልጅ ግራ ቀኝ እየዞረች «የኔ አያት እኮ ናት!» አለች። አጣቢዋ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች፤ ኩራት በጥርሷ እንዳያሾልክባት ነው።

ከዚያ የሞተው ወንዝ መጣ። እንቁራሪቷ ጠየቀች። አጣቢዋ ዝምታዋን ለመስማት ትንፋሽዋን ያዘች። ኤሊዋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሁላችንም።»

ቀስ ብላ፣ አዝና።

የልጅ ልጇ ቀና ብላ አየቻት። «አያቴ፣ አንቺም ነሽ እንዴ?»

አጣቢዋ ትንሿን ከጭኗ አውርዳ ብድግ አለች። «ውሸቷን ነው! እኔ እንዲህ አላልኩም!»

በጨለማው ውስጥ የተሰማው ያው የኤሊዋ ድምፅ ነው። አዳራሹ ሳቁን ለቀቀው። ልጆቹ አጨበጨቡ። «ኤሊዋ እዚህ ናት! ኤሊዋ መጣች!» አሉ። አጣቢዋ «ፋብሪካው ነው የገደለው!» ብላ በጮኸች ቁጥር ሳቁ ባሰ፤ የትርዒቱ አካል መሰላቸው። ልጇ ሦስት ረድፍ ከፊት ተቀምጣለች። አንገቷን አላዞረችም።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ የሰፈሩ ልጆች «እማማ ሁላችንም» የሚል ስም አወጡላት፤ በፍቅር ነው የሚጠሯት፣ የከፋውም እሱ ነው። ወንዝ ዳር አብራት ስታጥብ የኖረች፣ ከዚያው ውሃ ሁለት ልጆች የቀበረች ጓደኛዋ ግን አልቀለደችም። መንገድ ላይ አየቻትና ወደ ማዶ ተሻገረች።

ልጇ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። አጣቢዋ አንሶላ እያጠፈች ነበር፤ ቀና አላለችም። ልጅቱ በሩ ላይ ቆመች።

«ለልጄ ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«እኔም ልጅ ነበረኝ።»

«ስደቢኝ እንኳ። አፍሽን ከምትዘጊብኝ ስደቢኝ።»

አንሶላው በአራት ታጠፈ፤ በስምንት ታጠፈ።

«እሺ፣ ይቅር ብዬሻለሁ በይኝ። አንድ ጊዜ።»

አጣቢዋ ያን ጊዜ ቀና አለች።

«ድምፄ አንቺ ዘንድ አይደል? ፈልገሽ ቀጥይው እንጂ። ለጦጣው ያልኩት አለልሽ። ግን 'ብዬሃለሁ' ነው ያልኩት፣ ለወንድ ነው። ለሴት ልጅ የሚሆን አላስቀረጽኩም።»