በውሃ ማማው ሥር የተከመረ ጭድ

ሳህሌ ስድስት ዓመት ጀርመን ተምሮ ሲመለስ ያገኘው ሥራ በወር አንድ ቀን መሰላል መውጣት ነበር። አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ አዲስ የክር ፋብሪካ ይገነባል። ባለቤቶቹ ባሕር ማዶ ስለሆኑ ሥራው የት እንደደረሰ በፎቶ ማየት ይፈልጋሉ። ፎቶው ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ ከባቡሩ የውሃ ማማ አናት ላይ፣ በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይነሳል። «ለዚህ ኖሯል ያን ሁሉ ዓመት በብርድ የተቆራመድኩት?» ይላል ለራሱ። በዚያ ላይ ከፍታ ይፈራል።

መፍራቱን የሚያውቁት የማማው ጠባቂ ጋሽ ተክሌ ብቻ ነበሩ፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ይመስለዋል። ሲወጣ መሰላሉን ከታች ይይዙለታል። መሰላሉ ከማማው ጋር የተበየደ ብረት ስለሆነ መያዛቸው አንዳች ጥቅም የለውም። ሳህሌም ይህን ያውቃል። ካልያዙለት ግን አይወጣም።

መጀመሪያ የወጣው በግንቦት ነው። ያን ቀን እጁ ተንቀጥቅጦ ካሜራው ወደ ግራ ዞረበት። ፎቶው ሲታጠብ ፋብሪካው ጥግ ላይ ብቻ ቀርቶ የቀረው ሁሉ የገበሬ ማሳ ሆነ። ሌላ አንስቶ ላከና የተበላሸውን ሊቀደው ሲል ጋሽ ተክሌ ከእጁ ወሰዱት።

«የኔ ቤት ጣራ አለበት። ምን አደረገህ?» ብለው ጥበቃ ቤታቸው ግድግዳ ላይ በምስማር መቱት።

በታኅሣሥ የመጀመሪያ ሰኞ ሳህሌ እንደ ልማዱ ዓይኑን ብረቱ ላይ ተክሎ ወጣ። ካሜራውን ሲያነጣጥር ግን የሚያየውን ማመን አቃተው። ለፋብሪካው የውሃ ታንከር መቆሚያ እንዲሆን ተደልድሎ፣ ውሃ ጠጥቶና ተጠቅጥቆ አርማታ የሚጠብቀው ክብ መሬት በእበት ተለቅልቋል። መሐሉ ላይ ጤፍ ተዘርግቶ አራት በሬዎች ይዞሩበታል። ከፋብሪካው አጠገብ የሚያርሱት ሽማግሌ ኦቦ ጉተማ አለንጋ ይዘው እየዘፈኑ ይነዳሉ።

ሳያነሳ ወረደ። ክቡ መሬት ጋ ሲደርስ የግንባታው ካቦ በቀለ ከበሬዎቹ ፊት ቆሟል።

«ኦቦ ጉተማ፣ ዛሬ አርማታ ይፈሳል እያልኩዎት ነው። ያውጧቸው።»

«ሠርታችሁ የሰጣችሁኝን አውድማ?» አሉ ሽማግሌው በእርጋታ። «ዓርብ ዕለት ጨርሳችሁ ስትሄዱ መርቄያችሁ ነበር። አሁን ምን መጣ?»

«ማን ሰጠዎት?»

«የአባቴን አውድማ አሸዋ ደፋችሁበት። ከዚያ በልኩ፣ እንዲያውም ከሱ የተሻለ፣ ክብ አድርጋችሁ ሠራችሁ። ክብ መሬት ሌላ ለምን ይሠራል?»

የቀን ሠራተኞቹ ሳቁ። በቀለ አልሳቀም።

«አሸዋው የተደፋው ባዶ መሬት ላይ ነው። እዚያ አውድማ የሚባል ነገር አልነበረም። መሬቱን ስንረከብ የተጻፈው ወረቀትም እንደዚያ ነው የሚለው።»

ወረቀቱን የጻፈው ራሱ በቀለ ነበር። ኦቦ ጉተማ ዞረው ከአጥሩ ዳር የተከመረውን ነዶ አዩ። ቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ የሚበላው እሱ ነው። ከእንጦጦ በኩል ያለ ወቅቱ ዳመና ጠቁሯል። ዛሬ ካልተወቃ ነገ ዝናብ ይመታዋል።

ሳህሌ ምን ሊል ይችላል? ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው ሰው ስለ አውድማ ምን ያውቃል? ወደ ማማው ተመለሰ።

«ጋሽ ተክሌ፣ አሸዋው ያለበት ላይ አውድማ ነበር እንዴ?»

«ኧረ አንተ ልጅ! ራስህ ያነሳኸውን ትጠይቀኛለህ?»

ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አሳዩት። እጁ ተንቀጥቅጦ ባበላሸው ፎቶ መሐል፣ ከጋሽ ተክሌ ጣራ ቀጥሎ፣ እንደ ሳንቲም የነጣ ክብ አውድማ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሳህሌ ወራት ሙሉ በአጠገቡ ሲያልፍ የሚያየው ጥፋቱን ብቻ ነበር።

ፎቶውን ነቅሎ ግንባታውን ወደሚመራው መሐንዲስ ቢሮ ሮጠ፤ በቀለም ተከተለው። መሐንዲሱ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ቀረብ ብሎ አየው።

«ይሄ ለምን ከሌሎቹ ጋር አልተላከም?»

ሳህሌ ፊቱ ቀላ። «ፈርቼ ነው። እጄ ተንቀጥቅጦ ነው ያነሳሁት።»

በቀለ ወደ መሬት አየ። መሐንዲሱም እርሳሱን አንስቶ ፎቶው ላይ አውድማውን ከበበው።

«በቀለ፣ አርማታው ወደ መጋዘኑ መሠረት ይሂድ። ታንከሩ ሽማግሌው እስኪጨርሱ ይቆያል። ከዚያ አሸዋውን አንስተህ መሬታቸውን ትመልስላቸዋለህ።»

በቀለ ሲወጣ ሳህሌን በክርኑ ነካ አደረገው። «አንተ ተማሪ፣ ከዚያ ላይ ሌላ ያየኸው ነገር ካለ ከወዲሁ ንገረኝ» አለው። ከዚያ ከሰዓት በኋላ ራሱ ሸራ አምጥቶ ነዶውን አለበሰላቸው።

ሳህሌ ተመልሶ ወጥቶ ያነሳው የዚያ ወር ፎቶ ባሕር ማዶ ሲላክ አራት በሬዎች ነበሩበት።

በጥር የመጀመሪያ ሰኞ ሳህሌ ሲመጣ ማማው ሥር፣ ልክ መሰላሉ ግርጌ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጤፍ ጭድ ተከምሮ አገኘ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኦቦ ጉተማ ናቸው። ትናንት በአህያ አመጡት» አሉ ጋሽ ተክሌ። «ሲወርድ እግሩ ሲንቀጠቀጥ ሁልጊዜ አየዋለሁ፤ ቢወድቅ እንኳ እዚህ ላይ ይውደቅ አሉ።»

ሳህሌ ጭዱን አየ፤ ቀና ብሎ ደግሞ ማማውን አየ። ከዚያ ላይ ለወደቀ ሰው ጭድ ምንም አይረባም። ለካ መንደሩ ሁሉ ፍርሃቱን ሲያይ ከርሞ ማንም አልሳቀበትም።

«ምን ልበላቸው?»

«ምንም። ውጣ።»

ወጣ። አናቱ ላይ ሲደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታች አየ። ጭዱ ከብረቱ ግርጌ ቢጫ ሆኖ ይታያል። አጠገቡ የጣቢያው አህያ አንገቷን አስረዝማ ቆማለች። ጋሽ ተክሌ በአንድ እጃቸው መሰላሉን ይዘው በሌላው ያባርሯታል።

«አንሳ እንጂ!» ብለው ጮኹ። «አልጋህን ልትበላብህ ነው።»

ሳህሌ ሳቀ። እየሳቀም አነሳ፤ እጁም አልተንቀጠቀጠም።